የግቢ ኮንክሪት እጥበትና ጥገና፦ በሰሜን ሸዋ ለሚሠሩ ሆቴሎች፣ ሱቆችና ጋራዦች

«ግቢህ እንዴት ሳይላላጥ ቆየ? በምንድን ነው የምታጥበው?» ይህን ጥያቄ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሆቴል፣ ጋራዥ ወይም የእህል መጋዘን ያላቸው ሰዎች ደጋግመው ያነሱብኛል። በብዛት የሚመጣው መስከረም ላይ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጥላ ያለበት ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ፣ መኪና የሚቆምበት ጠቁሮ፣ አሸንዳው ሥር ያለው ተቦርቡሮ ይገኛል። በስልክ ግማሽ ግማሹን ከምነግርዎ ሙሉውን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ሲያነቡት ሠራተኛዎንም አጠገብዎ ያድርጉት፤ ብሩሹን የሚይዘው እሱ ነውና።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። ኮንክሪት ድንጋይ ቢመስልም ውሃ ይጠጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች አመዳይ ይወርዳል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማታ ወደ ኮንክሪቱ ቀዳዳዎች የሰረገው ውሃ ሌሊት ይረጋል፣ ያብጣል፣ ገጹን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ይቀልጣል። ይህ ሌሊት በሌሊት ሲደጋገም የላይኛው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ስለዚህ የምናጥበው ቆሻሻውን ለማንሣት ሲሆን፣ ያጠብንበት ውሃ ራሱ ውስጥ እንዳያድር መጠንቀቅ ግን ከእጥበቱ እኩል ሥራ ነው።

መቼ ይታጠብ

በደጋው፣ ማለትም ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳና አንኮበር አካባቢ፣ ዋናውን እጥበት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ያድርጉት። ዝናቡ አብቅቷል፤ ጠንካራው ውርጭ ገና አልገባም። ከዚህ ካለፈብዎት ፀሐይ ያለበትን ቀን ይምረጡ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ጀምረው ውሃ ማፍሰሱን እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ይጨርሱ። ከዚያ በኋላ የፈሰሰ ውሃ ሳይደርቅ ይመሽበታል።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ለሚሠሩ ሰዓቱ ይገለበጣል። እዚያ ችግሩ ሙቀት ነው። ሳሙናው ከመታጠቡ በፊት በፀሐይ ይደርቅና ነጭ ቅርፊት ትቶ ይቀራል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሥሩ፤ ግቢውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ከፍለው ይያዙት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ጠንካራ ጭራ ያለው መጥረጊያ፣ የፕላስቲክ ብሩሽ (የሽቦ አይደለም)፣ አካፋ
- የውሃ ጎማ፣ ሁለት ባልዲ፣ የወለል ውሃ መግፊያ ጎማ
- ዱቄት ሳሙና፣ በረኪና፣ አቼቶ፣ ጥቂት ሎሚ
- አንድ ጆንያ ሰጋቱራ፤ ከእንጨት ሥራ ቤት ይገኛል
- ጠመኔ፣ እርሳስና ማስመሪያ
- ለጥገና፦ ሲሚንቶ፣ የታጠበ አሸዋ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ የግንበኛ ካዞላ፣ ባዶ ጆንያዎች፣ ላስቲክ
- የላስቲክ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር
- ካለ፣ እንደ ላቫጆ ያለ የግፊት ማጠቢያ ማሽን። ከሌለ አይጨነቁ፤ ብሩሽና ጉልበት አብዛኛውን ይሠራሉ።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማስጠንቀቂያ

በረኪናን ከአሲድ፣ ከአቼቶ፣ ከሎሚም ሆነ ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አያደባልቁ። ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ዓይንና ሳንባን ያቃጥላል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም እንዲሁ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። አደጋው ባልዲ ውስጥ ብቻ አይደለም። ጠዋት በረኪና የፈሰሰበት ቦታ በደንብ ሳይታጠብ ከሰዓት በኋላ አቼቶ ቢፈስበትም ያው ነው። እኔ ሁለቱን በአንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ አላሠራም።

የግፊት ማሽን የሚጠቀሙ ከሆነ የኤሌክትሪክ ገመዱ መቀጠያ እርጥብ መሬት ላይ አይቀመጥ። ማሽኑን የያዘው ሰው ክፍት ጫማ አያድርግ፤ የውሃው ግፊት ሥጋ ይቆርጣል።

ደረጃ 1፦ በደረቁ ይጥረጉ

ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ የቢራ ሣጥኑን ሁሉ ያንሡና ግቢውን ከጥግ እስከ ጥግ በደረቁ ያስጠርጉ። የደረቀ ጭቃ ካለ በአካፋ ጠርዝ በቀስታ ያላቁት። ይህን ደረጃ ዘለው በቀጥታ ውሃ ካፈሰሱ አቧራው ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል፤ ሲደርቅ ግቢው ከመታጠቡ በፊት ከነበረው ይልቅ ይደበዝዛል። የጠረጉትን አፈር ወደ ቦይ አይግፉት፤ በሐምሌ ቦይዎን የሚዘጋው እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ውሃው የት እንደሚተኛ ይወቁ

ከአንድ ባልዲ ውሃ ላይ ትንሽ ትንሽ እየደፉ ወዴት እንደሚሄድ ይከተሉት። ደህና ግቢ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ወደ ቦዩ ያዘነብላል። ውሃ የሚተኛበትን ጎድጓዳ ሁሉ በጠመኔ ይክበቡ። ኋላ በጥገናው ጊዜ መጀመሪያ የሚነኩት እነዚህን ክቦች ነው።

እግረ መንገድዎን አንድ ተጨማሪ ነገር ይሞክሩ። ከጣትዎ ጫፍ ጥቂት ጠብታ ውሃ ደረቁ ኮንክሪት ላይ ጣል አድርገው ዝቅ ብለው ይመልከቱ። ጠብታዋ ክብ ሆና እንደ ጤዛ ከቆመች ገጹ ገና የተዘጋ ነው። ወዲያው ጠቁራ ከሰረገች፣ ዳርዋም እንደ ቀለም እየተስፋፋ ከሄደ፣ ያ ቦታ ውሃ እየጠጣ ነው። በዚህ መንገድ ግቢውን አምስት ስድስት ቦታ ይፈትኑ። ብዙ ጊዜ የሚጠጣው አሸንዳው ሥርና በር አካባቢ ሆኖ ያገኙታል።

ደረጃ 3፦ ዘይትና ናፍታ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ሆቴሎችና ጎሚስታዎች ሁሉ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። የጭነት መኪና ለምሳ ቆሞ ሲነሣ የዘይት ጠብታ ትቶ ይሄዳል።

አዲስ የፈሰሰ ዘይት ላይ ውሃ አያፍስሱ። ዘይቱ በውሃው ላይ ይንሳፈፍና ቦታ ያሰፋል፤ የአንድ ሳህን ያህል የነበረው እድፍ የአንድ ጠረጴዛ ያህል ይሆናል። ይልቁን፦

ሀ) ሰጋቱራ በብዛት ይነስንሱበት። ከሌለ ደረቅ አፈር ወይም አመድ ይሆናል። በጫማ ሶል ቀስ ብለው ይረግጡትና ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይተዉት። ሰጋቱራው ወደ ታች የሚሰርገውን ዘይት ወደ ላይ ይስበዋል።

ለ) ጠርገው በጆንያ ያኑሩት፤ ከምድጃና ከከሰል ይራቅ። ዘይት የጠጣ ሰጋቱራ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ሐ) ዱቄት ሳሙና በቦታው ላይ ይበትኑና በጥቂት ሙቅ ውሃ እንደ ሊጥ ያርጥቡት። ለ20 ደቂቃ ይተዉት፤ ሳሙናው ዘይቱን የሚያስለቅቀው በሩጫ አይደለም። ከዚያ በፕላስቲክ ብሩሽ ክብ ክብ እያደረጉ ይሹትና አረፋውን በሰጋቱራ ያንሡት። በመጨረሻ ብቻ በውሃ ያለቅልቁት።

የቆየ፣ የጠቆረ እድፍ በዚህ አይለቅም። ለእሱ ልጥፍ ይሥሩለት። ዱቄት ሳሙና በሙቅ ውሃ አወፍረው ይበጥብጡ፤ የተነፋ ደቃቅ ሰጋቱራ ጨምረው እንደ ጭቃ ያቡኩት፤ በእድፉ ላይ የጣት ውፍረት ያህል ይለጥፉት፤ በላስቲክ ሸፍነው ዳር ዳሩን በድንጋይ ይጫኑትና ለ24 ሰዓት ይተዉት። ከዚያ ላስቲኩን ገልጠው ልጥፉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ሲደርቅ ዘይቱን ይዞ ይነሣል። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊደግሙት ይችላሉ፤ በየጊዜው እየፈዛዘ ሲሄድ ያዩታል።

ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ አፍስሶ ማጠብ የተለመደ ነው፤ እባክዎ ይተዉት። እድፉን የጠፋ ያስመስለዋል እንጂ ዘይቱን አቅጥኖ ወደ ጥልቁ ይሰድደዋል። እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ዘይት የታጠበበት ውሃም ወደ መንገድ ቦይ አይሂድ፤ የደብረ ብርሃን ቦይ መጨረሻው በሬሳ ወንዝ ነው፣ ከብቶችም ከዚያው ይጠጣሉ።

ደረጃ 4፦ ሌሎች እድፎች

*አረንጓዴ የሚያንሸራትት ነገር (አልጌ)።* ጥላ ባለበትና አሸንዳ በሚያንጠባጥብበት ቦታ ይበቅላል። ደንበኛ የሚወድቅበት እሱ ላይ ስለሆነ አያቆዩት። መጀመሪያ ወፍራሙን በአካፋ ያንሡ። 1 ሊትር በረኪና በ10 ሊትር ውሃ በጥብጠው ያርከፍክፉበትና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይደርቅ ያቆዩት፤ ከዚያ ይሹትና በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። አበባና ሣር አጠገቡ ካለ አስቀድመው በንጹሕ ውሃ ያርሱት፤ የጠገበ ተክል በረኪናውን ብዙ አይጠጣም። አሸንዳውን ካላስጠገኑ ግን በሚቀጥለው ክረምት ያው አረንጓዴ ተመልሶ ይመጣል።

*ዝገት።* ከብረት ወንበር እግር፣ ከተጋለጠ ፌሮ፣ ከበር ማጠፊያ ይመጣል። የሎሚ ጭማቂ ያፍስሱበት፤ ለ10 ደቂቃ ይተዉት፤ ይሹትና ወዲያው ያለቅልቁት። ሎሚም አሲድ ነው፤ ቢያድርበት ኮንክሪቱን ይበላል። ዝገቱ በአንድ መስመር ተከትሎ ከስንጥቅ ውስጥ ከወጣ ግን እድፍ ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ያለው ፌሮ እየዛገ ነውና ሙያተኛ ይየው።

*ደምና ስብ።* ሉካንዳ ላላቸው ቤቶች ነው። ደምን በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡት፤ ሙቅ ውሃ ያጋግረዋል። ስብን ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና።

*የጠላና የአረቄ አተላ።* ጠላና አረቄ የሚወጣባቸው ግቢዎች አተላ የሚደፉበት ቦታ ሸካራ ሆኖ ጠጠሩ ሲታይ ምክንያቱን ይጠይቁኛል። አተላ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣ ነገር ሲሚንቶውን እየሟሟ ያወጣዋል። መድኃኒቱ አተላውን በበርሜል መሰብሰብና የፈሰሰውን በዚያው ቀን በውሃ ማጠብ ነው።

*ነጭ ዱቄት።* ኮንክሪቱ ሲደርቅ ላዩ ላይ እንደ ጨው ብቅ የሚል ነጭ ነገር ካዩ አይደንግጡ። ውስጥ ያለው ውሃ ሲተን ከሲሚንቶው ይዞት የወጣ ነው። በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። ካልለቀቀ 1 እጅ አቼቶ በ5 እጅ ውሃ አድርገው ይሹትና ወዲያው ያለቅልቁ። ከሁሉ በላይ ግን ውሃ ከየት እየመጣ እንደሆነ ይፈልጉ፤ ነጩ ዱቄት የሚነግርዎ እሱን ነው።

ደረጃ 5፦ ሙሉ እጥበት

አሁን ውሃ ማፍሰስ ይቻላል። ከከፍታው ወደ ቦዩ ይውረዱ፤ የታጠበው ቦታ ላይ ቆሻሻ ውሃ እንዳይመለስ። ሁለት በሁለት ሜትር እየከፈሉ በሳሙና ይሹ፤ ሳሙናው ሳይደርቅ ያለቅልቁ።

የግፊት ማሽን ካለዎት አፈሙዙ ውሃውን እንደ ማራገቢያ የሚበትነው ይሁን። ከመሬቱ 30 ሴንቲሜትር ያህል አርቀው ይያዙት፤ አንድ ቦታ ላይ አያቁሙት፤ እንደ ቀለም ቅብ በእኩል ፍጥነት ያንቀሳቅሱት። በአንድ ነጥብ የሚረጨው አፈሙዝ ለመኪና ጎማ ጭቃ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ኮንክሪት ላይ ግን መስመር ይቆፍራል፤ የቆፈረው መስመር ደግሞ ለሚመጣው ውርጭ የውሃ ማስቀመጫ ይሆናል። ገጹ አስቀድሞ የተላላጠ ከሆነ ማሽኑን ይተዉትና በብሩሽ ብቻ ይሥሩ።

ደረጃ 6፦ ውሃውን ያውጡ

ብዙዎች እዚህ ጋ ይደክማቸዋል፤ «ፀሐይ ያደርቀዋል» ይላሉ። በደጋው አያደርቀውም። በውሃ መግፊያ ጎማው ሁሉንም ወደ ቦይ ይግፉት፤ በጠመኔ ከከበቧቸው ጎድጓዳዎች ውስጥ ያለውን በጨርቅ ያንሡት። ከዚያ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ለመመለስ አይቸኩሉ። ሣጥንና ምንጣፍ ከሥራቸው እርጥበት አፍነው ያኖራሉ።

ደረጃ 7፦ ስንጥቅ

የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰፊው ክፍል ጥቁር መረሬ አፈር ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይደርቅና ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ የተነጠፈው ኮንክሪትም አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ማንኛውንም ስንጥቅ ከመድፈንዎ በፊት የሚንቀሳቀስ መሆኑን ይወቁ።

ስንጥቁ ግራና ቀኝ በእርሳስ ሁለት ነጥብ ያድርጉና መካከላቸውን በማስመሪያ ለክተው ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ። ጥር ላይ ይለኩ፤ ነሐሴ ላይ እንደገና ይለኩ። ልኩ ከተለወጠ ስንጥቁ የሚንቀሳቀስ ነው። የሚንቀሳቀስን ስንጥቅ በሲሚንቶ መድፈን ገንዘብ መጣል ነው፤ በዓመቱ እዚያው ወይም አጠገቡ ይሰነጠቃል። ለእሱ የሚለጠጥ ማሸጊያ ይግዙ፤ ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ በቱቦ ይገኛል። አጽድተውና አድርቀው ይሙሉበት።

የማይንቀሳቀሰውን እንዲህ ይጠግኑ፦

1. በመዶሻና በመሮ አፉን ይክፈቱት፤ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ስፋትና 2 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይኑረው። እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ላይ የተለቀለቀ ሲሚንቶ የሚይዝበት ጎን የለውም።
2. አቧራውን ሁሉ ያውጡ። አቧራ ላይ የተለጠፈ ሲሚንቶ ከአቧራው ጋር ይነሣል።
3. ውሃ ያጠጡት፤ ነገር ግን ውስጡ ውሃ አይተኛ። ደረቁ ኮንክሪት ከአዲሱ ሲሚንቶ ውሃውን ይመጥበታል፤ የተኛ ውሃ ደግሞ ያቀጥነዋል። ገጹ ጠቁሮ ግን የማያብረቀርቅ ሲሆን ልክ ነው።
4. ቦያካ፣ ማለትም እንደ አጥሚት የቀጠነ የሲሚንቶና የውሃ ብጥብጥ፣ በብሩሽ ይቀቡት። አሮጌውንና አዲሱን የሚያያይዘው እሱ ነው።
5. ቦያካው ሳይደርቅ በ1 እጅ ሲሚንቶና በ3 እጅ አሸዋ ውህድ ይሙሉት። ውህዱ ሲጨበጥ የሚይዝ፣ ውሃው በጣት መካከል የማይወርድ ይሁን። በካዞላው ጠቅጥቀው ያስገቡት።
6. በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ለ7 ቀን እርጥበቱን ይጠብቁ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በውሃ እንጂ በመድረቅ አይደለም። በደጋው ከጥቅምት እስከ ጥር ከሆነ ማታ ከጆንያው በላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ ገለባ ይጨምሩ፤ ሳይጠነክር ውሃው በረዶ የሆነበት ሲሚንቶ ከዚያ በኋላ አይድንም። ብርዱ በጣም ከጠነከረ ግን የካቲትን ይጠብቁ።

ስለ አሸዋው አንድ ቃል። ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውሃ አድርገው ይናጡትና ለጥቂት ሰዓታት ያስቀምጡት። ከ10 ሴንቲሜትር አሸዋ ላይ ከግማሽ ሴንቲሜትር የበለጠ ደለል ከተቀመጠ ሳይታጠብ አይጠቀሙበት።

በጠመኔ የከበቧቸውን ጎድጓዳዎችም በዚሁ መንገድ ይሙሉ፤ ዳሩን ግን በመሮ ቀጥ አድርገው ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ይቁረጡት። ዳሩ ወደ ምንም የሚቀጥን ልጣፊ ከዳሩ ነው መነሣት የሚጀምረው። የላዩን ገጽ በሊሾ አያለስልሱት፤ እርጥብ እያለ በመጥረጊያ ሸካራ ያድርጉት። ውጭ ያለ ሊሾ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው።

ደረጃ 8፦ መገጣጠሚያዎች

ኮንክሪቱ ሲሠራ ሆን ተብሎ የተተዉ ቀጥ ያሉ ክፍተቶች ስንጥቅ አይደሉም፤ በሲሚንቶ አይድፈኗቸው። ኮንክሪቱ ሲሞቅና ሲበርድ የሚተነፍስባቸው ናቸው። አፈሩንና ሣሩን ነቅለው፣ አድርቀው፣ በሬንጅ ወይም በሚለጠጥ ማሸጊያ ይሙሏቸው። ክፍት ከቀሩ ውሃ ወደ መረሬው ይወርዳል፤ ቀሪውን ያውቁታል።

ደረጃ 9፦ ውሃ መከላከያ ቅባት

ጠብታው ወዲያው በሚሰርግበት ቦታ ሁሉ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ውሃ መከላከያ ይቀቡ። ላዩ ላይ እንደ ቫርኒሽ የሚያብረቀርቀውን ዓይነት ለውጭ ግቢ አልመክርም፤ ያንሸራትታል፣ ከሥሩ እርጥበት ሲያፍን ይላላጣል። አዲስ ኮንክሪት 28 ቀን ሳይሞላው አይቀባ። መድረቁን ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱን ዳር በፕላስተር አጣብቀው ለ24 ሰዓት ይተዉ። ሲገልጡት ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ገና አልደረቀም።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

*አሲድ።* ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው ሰው ጋራዥ ደጃፍ ያለውን ጥቁር እድፍ በሽንት ቤት አሲድ አጠበው። አሲዱ ሲፈስ ኮንክሪቱ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ተንጫጫ፤ ቆሻሻው እየወጣ መሰለን፤ እኔም አብሬ ቆሜ አየሁት። ሲታጠብ በእርግጥ ነጣ። በማግስቱ መዳፌን ሳሳርፍበት ግን አሸዋው እንደ ስኳር ተነሥቶ እጄ ላይ ቀረ። ያ አረፋ ሲሚንቶው ራሱ ሲበላ ነበር፤ ዘይቱማ አሲድ አይነካውም። በዚያው በጋ ጠጠሩ ሁሉ ተገለጠ። ያንን ደጃፍ አፍርሶ ከማሠራት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

*የሽቦ ብሩሽ።* ገጹን ይቧጭራል፤ የሚሰባበሩት የሽቦ ጭራዎች ደግሞ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ይዝጋሉ፤ ከአንድ ዝናብ በኋላ ግቢው ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀላል።

*በአመዳይ ጠዋት ሙቅ ውሃ ማፍሰስ።* አስተናጋጆች ደረጃው ሲያንሸራትት ከማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ያፈሱበታል። የቀለጠው ውሃ ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይረጋል፤ አሁን ግን ከበፊቱ የባሰ ለስላሳ ሆኖ። አሸዋ ይነስንሱ፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይጥረጉት። ጨውም አይጠቀሙ፤ ውስጥ ያለውን ፌሮ ያዝገዋል።

*ችቦ።* ለቡሄ፣ ለዕንቁጣጣሽና ለመስቀል እሳቱ ኮንክሪቱ ላይ ከተለኮሰ ውስጥ ያለው እርጥበት በድንገት እንፋሎት ይሆንና ገጹን እየፈነዳ ያነሣዋል። አፈር ያለበት ቦታ ይለኩሱ። ሌላ ቦታ ከሌለ አንድ ስንዝር ያህል አፈር ይድፉና በላዩ ያድርጉት፤ ትኩሱ ላይም ውሃ አይድፉ።

በዓመት ውስጥ

በየቀኑ በደረቁ ማስጠረግ፤ ዘይት በፈሰሰ ጊዜ ሁሉ ወዲያው ሰጋቱራ። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አሸንዳና ቦይ ማስጠረግና መገጣጠሚያዎችን ማየት። መስከረም ላይ ሙሉ እጥበትና የጠብታ ፍተሻ። የካቲት ላይ ውርጩ ያነሣውን መጠገን። ውሃ መከላከያውን በጠብታው ፍተሻ እየተመሩ ማደስ።

መቼ ይፍረስ

በመዶሻ እጀታ ግቢውን እየመቱ ያዳምጡ። ደህናው ኮንክሪት ጠንከር ያለ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ ከሥሩ የተላቀቀው እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል። ባዶ ድምፅ ያለው ቦታ ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ስንጥቁ ግራና ቀኝ አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ከተነሣ፣ መለጠፉን ይተዉና ያንን ክፍል ብቻ ቆርጠው ያውጡት። መረሬውን ቆፍረው ያስወግዱ፤ በገረጋንቲ ተክተው እየጠቀጠቁ ይሙሉ፤ በላዩ ፌሮ አስገብተው ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር፣ የጭነት መኪና የሚገባበት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ያስፈስሱ፤ በየ2.5 ሜትሩ መገጣጠሚያ ይተዉለት። ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ የጭነት መኪና ግን 28 ቀን ሳይሞላው አይግባበት።